አኮ ጠዋት ጠዋት የሚነኩት ሽቦ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ከሰሌዳ ላይ ገልብጫለሁ። ከዚያ ወዲህ ጆንያ ላይ በከሰል «ቆስጣ»፣ «ቀይ ሥር» እያልኩ እጽፋለሁ፤ እሱ ግን መጻፍ አይባልም። ይህን ደብተር የገዛሁት ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ መምህሩ «ቆመሽ አንብቢ» ሲለኝ፣ ፊደሉን እያወቅኩት ድምፄ ይጠፋ ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔ እቀመጣለሁ። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ያው ነኝ። ባለፈው ጥቅምት የሆነውን ግን ዝም ብዬ መያዝ አልቻልኩም።

የምኖረው ከአጎቴ ጋር ነው። የእናቴ ወንድም ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። እናቴ ታናናሾቼን ይዛ ሰበታ ናት። ጋሼ ሚስትም ልጅም የለውም። ያለው ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ ሲወጣ ከባሕር ዛፉ ጫካ ሥር ያለች የአትክልት ቦታ ናት። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር እናበቅላለን። እሱ ይቆፍራል፣ ወስዶ ይሸጣል። እኔ እዘራለሁ፣ አርማለሁ፣ አጠጣለሁ። ይህ ሥራ ይስማማኛል። አትክልት ጥያቄ አይጠይቅም።

ችግራችን ድኩላ ነበር። ቀን ጫካው ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሻሽና ጎህ ሲቀድ ይወርዳል። ጥጋቡን በልቶ ቢሄድ እንኳ ባልከፋ። እሱ ግን ከእያንዳንዱ ሰላጣ መሐሉን ብቻ ቀንጥሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጠዋት ከሩቅ ሲያዩት መደቡ ሙሉ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ሁሉም ልቡ የለም። ሲደነግጥ ደግሞ እንደ ውሻ ይጮሃል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን የጎረቤት ውሻ መስሎኝ ዳቦ ይዤ ወጥቻለሁ።

ያልሞከርነው የለም። ቆርቆሮ ሰቀልን፤ ለመደው። በእሾህ አጠርን፤ ዘለለው። የጋሼን አሮጌ ካፖርት በእንጨት ላይ አልብሰን አቆምን። አንድ ንጋት ላይ ድኩላው ካፖርቱን ተጠግቶ ቆሞ ሲያኝክ አየሁት። ካፖርቱ ከነፋስ የሚከልለው ይመስል ነበር።

ጋሼ ድሮ ሱሉልታ አንድ የወተት ላም እርባታ ውስጥ ዘበኛ ነበር። እዚያ ላሞቹን የሚያግደው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። አንድ ቀን ከዚያ ያገለገለ ማሽን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ከመኪና ባትሪ ጋር ይያያዛል። ሲሠራ «ጧ» ይላል፤ ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ «ጧ»።

«ይሄ አይገድልም» አለኝ። «ይነክሳል፣ ይለቃል። ድኩላው አንዴ በአፍንጫው ከነካው ሁለተኛ አይመለስም።»

እንጨት ተከልን። ሽቦው እንጨቱን እንዳይነካ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት እየቆረጥን መሐል አስገባን። የእኔ ሥራ ከሽቦው ሥር የሚበቅለውን ሣር ማጨድ ሆነ። ሣር ከነካው ኮረንቲው ወደ መሬት ይወርዳል፤ ለድኩላው የሚተርፍ የለም። ሽቦው እየሠራ መሆኑን የማየውም በሣር ነው። ረጅም እርጥብ ሣር ይዤ ጫፉን ሽቦው ላይ አስነካለሁ፤ ጣቴ ላይ እንደ ጉንዳን ንክሻ ይሰማኛል። እፈራ ነበር፤ ግን ድምፁን እየሰማሁ መቼ እንደሚነክስና መቼ እንደሚለቅ አውቅ ስለነበር ፍርሃቱ ልክ ነበረው።

ሠራ። ሁለት ሦስት ቀን ጫካው ዳር ሲጮህ ሰማን፤ ከዚያ ጠፋ። ክረምቱን ሙሉ ሰላጣው ከነልቡ አደገ።

ጎረቤታችን አኮ ናቸው። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ብሎ ይጠራቸዋል። ጠዋት ጠዋት ላማቸውን እየነዱ በአጥራችን ጥግ ያልፋሉ። አንድ ጠዋት ጭቃው አንሸራተታቸውና ሽቦውን ያዙት። «ዋይ!» ሲሉ ሰምቼ ዞር ስል መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሮጬ ደረስኩ። እሳቸው ግን እግራቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ጉልበቴን ከፈተልኝ እኮ!»

በማግስቱ ራሳቸው ፈልገው መጡ። ጣታቸውን እንትፍ አሉበትና ሽቦው ላይ አሳረፉት። ጧ። ጧ። ጧ። በሦስተኛው አነሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ጠዋት አልቀሩም። ቁርጥማት ለያዛቸው ሴቶችም ነገሩ፤ አንዳንድ ቀን አራት አምስት ሆነው በተራ ይነኩ ነበር። ጋሼ ግራ ይገባዋል።

«ኧረ አኮ ይተዉ፣ ለላም የተሠራ ነው!»

«እኔስ ከላም በምን ተለየሁ? እሷም ጉልበቷን ያማታል፣ እኔም ያመኛል።» ወደ እኔ ዞር ይላሉ። «ይሄ ፀበል ነው፣ ኢንተላ ኮ። ልዩነቱ ይነክሳል።»

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁልጊዜ «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል፤ እኔም ቀና ሳልል «ነጋ» እላለሁ፤ ደህና ነኝ ለማለት። ከእሳቸው ጋር በቀን የምናገረው ቃል ይህ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ከባድ ዝናብ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ጋሼ ቡራዩ ሠሪ ዘንድ ወሰደው። ሰውየው ሲከፍተው ውኃና ጉንዳን አብረው ወጡ አለኝ። ሌላ ፈልጎ አጣ። ሳምንት ሳይሞላ ድኩላው ተመልሶ መጣ። አምስት መደብ ሰላጣ በሁለት ንጋት ባዶ አደረገው። ጋሼ መደቡ መሐል ቆሞ አንዲቱን ሰላጣ አነሳ፣ ውስጧን አየ፣ መልሶ አስቀመጣት።  

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ከክፍሉ መስኮት እስከ አጥሩ የመብራት ገመድ ሲዘረጋ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?»

«መብራት ነዋ። ኮረንቲ ያው ኮረንቲ ነው።»

«ያኛው እኮ ይነክስና ይለቃል። ይሄ...»

«የማበራው እኔ ነኝ፣ የማጠፋው እኔ ነኝ። አንቺ አትጠጊው፣ በቃ።»

በቃ ሲለኝ አበቃሁ።

ጠዋት ሲነጋጋ ጠራኝ። ሴት ድኩላ ሽቦው ሥር ተጋድማለች። የፊት እግሮቿ ታጥፈዋል፤ ዓይኗ ክፍት ነው፤ አፍንጫዋ ላይ ጥቁር መስመር አለ። ሰውነቷ ገና ይሞቃል። ጋሼ መብራቱን አጥፍቶ ነበር፤ ግን እኔ ሽቦውን አልፌ እግሯን ለመያዝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጫካው ውስጥ ወሰድናት። እሱ ቆፈረ፣ እኔ አፈሩን መለስኩ። እየቆፈረ በየአፍታው ወደ መንገዱ ዞር ብሎ ያይ ነበር። እሱም ፈርቷል ማለት ነው፤ ያንን ሳይ የእኔ ፍርሃት ባሰ።

«ድኩላ መግደል ያሳስራል» አለኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ። በተለይ ለአኮ። አኮ ከሰሙ ሱሉልታ ድረስ ይሰማል።»

እሺ አልኩ። እየተመለስን ሳለ ነው የገባኝ። አኮ ይመጣሉ። ጣታቸውን አርሰው ሽቦውን ይነካሉ። የሚያውቁት የሚነክሰውንና የሚለቀውን ነው፤ ይሄኛው ደግሞ አይለቅም። ድምፅም የለውም። የድሮው ጧ እያለ መኖሩን ይናገር ነበር፤ አዲሱ ሲበራም ሲጠፋም አንድ ነው።

ጋሼ ፀሐይ ሳይወጣ ያጠፋዋል። አኮ የሚመጡት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው። በሁለቱ መሐል ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ እኔ በየቀኑ ነቅቼ ያንን ጊዜ እጠብቃለሁ። ማብሪያ ማጥፊያው ቀጭ ሲል ካልሰማሁ ከአልጋዬ መውረድ አልችልም ነበር።

ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ሌሎቹ ሴቶች ቀርተዋል፤ አኮ ብቻ መጥተው ይነኩታል። ምንም የለም።

«ዛሬም ተኝቷል?»

«ባትሪው ደክሟል፣ አኮ» ይላል ጋሼ።

«እንግዲያው ነገ እሞክረዋለሁ።»

ነገም መጡ። ከነገ ወዲያም። ጋሼ አንድ ቀን እንቅልፍ ቢጥለውስ? አኮ አንድ ቀን ቀደም ብለው ቢመጡስ? ሣር እያጨድኩ የማስበው ይህንኑ ብቻ ሆነ። ሣሩን ማጨድም ተውኩ፤ ወደ ሽቦው መጠጋት ስላልቻልኩ ሥሩ ያለው ሣር አደገ። ጋሼን «ለአኮ እንንገራቸው» ልለው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቆስጣ ይዤ አኮ ቤት ሄድኩ። ከቤታቸው ደጃፍ ገብስ ያበጥራሉ። ደስ አላቸው፤ ብቻዬን ቤታቸው ሄጄ አላውቅም።

«አኮ፣ ሽቦውን አይንኩት።»

«ለምን?»

 ድኩላዋን ካነሳሁ ጋሼ ይታሰራል። መብራት ነው ካልኩ ለምን ብለው ይጠይቃሉ። ቆሜ ቆሜ፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኩ።

«እሱንማ አየሁት። ሞቷል በይኛ! የሞተ ነገር ምን ያደርገኛል?» ሳቁ። «ነይ ተቀመጪ፣ ቆሎ ብዪ።»

ቆሎውን ሳልበላ ተመለስኩ። መንገድ ላይ የሠራሁት ገባኝ። እንዳይነኩት ብዬ ሄጄ ሽቦው ሞቷል ብዬ አረጋገጥኩላቸው። እስካሁን በአንድ ጣት ይነኩት ነበር፤ ከአሁን በኋላ ግን የሞተ ሽቦ ነው፤ በመዳፋቸው ቢጨብጡትስ ምን ይከለክላቸዋል?

በማግስቱ ምሽት መብራት ጠፋ። በእኛ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም። ጋሼ ግን በመሐል ከመጣ ብሎ ማብሪያውን ተጭኖት ተኛ። ንጋት ላይ አትክልት የምትጭነው መኪና ጥሩንባ ነፋች። ጥቅል ጎመኑን እየተጣደፍን ጫንን፤ ጋሼ ክፍሉን ቆልፎ ወደ ከተማ ሄደ። መብራቱ እንደጠፋ ነው። መብራት ከሌለ ደግሞ ማንም ማብሪያውን አያስብም። እኔም አላሰብኩም።

ያሰብኩት ፊቴን ስታጠብ ነው። ውኃው እጄ ላይ እንዳለ ሮጬ በመስኮቱ ብረት መሐል አየሁ። ማብሪያው ወደ ታች እንደተጫነ ነው፤ አልጠፋም። በሩ ላይ ትልቁ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ መክፈቻው ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው። ስልኬ ባትሪ የለውም። በመስኮቱ እንጨት ሰድጄ ሞከርኩ፤ አይደርስም። ገመዱን በማጭድ ልቁረጠው አልኩ፤ የማጭዱ እጀታ ብረት ነው። ደረቅ እንጨት አምጥቼ ገመዱን ከሽቦው ላይ ልፈነቅለው ተጠጋሁ። አሁን መብራት የለም፣ ምንም አያደርግሽም አልኩ ለራሴ። አሁን ይመጣል፣ ይሄኔ ይመጣል ይለኛል ደግሞ ሌላው ሐሳቤ። የድኩላዋ አፍንጫ ዓይኔ ላይ መጣ። እንጨቱን ጣልኩት።

ከበራፋችን በላይ ያለው አምፖል ማብሪያው አልጠፋም ነበር፤ መብራት ከመጣ ይበራል። እሱን እያየሁ ቆምኩ። አኮ ቢቀሩ ብዬ ጸለይኩ። የላማቸውን ኮቴ ሰማሁ።

«አካም ቡልቴ?»

አልመለስኩም።

«ዛሬ ነጋም የለ? መብራት የለ፣ ባትሪ የለ፣ ድምፅ የለ። እናንተ ቤት ያልሞተው ምንድን ነው?» እየሳቁ ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። «ያ ያመጣሽልኝ ቆስጣ ጣፍጦኛል። ትንሽ ልቁረጥ፣ አንቺ አትልፊ።»

ይህን ብለው ሽቦውን በመዳፋቸው ጨበጡ። ዝቅ አደረጉትና አንድ እግራቸውን አነሱ፤ ሊሻገሩ ነው።

ጮህኩ። ድምፁ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ጉሮሮዬ ሲያመኝ ነው።

«አኮ ይልቀቁት! ይገድላል! መብራት ነው!»

«መብራትማ ጠፍቷል እኮ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ እጃቸው ሽቦው ላይ እንዳለ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሽቦውን በሌላ ቦታ በኩል ዘልዬ ነው መሰለኝ፤ ቀሚሴ ተቀድዶ አግኝቼዋለሁ። ወገባቸውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳቸው። ሁለታችንም የውኃው ቦይ ውስጥ ወደቅን፤ እሳቸው እኔ ላይ።  በክንዳቸው ደረቴን መቱኝ።

«አበድሽ? በዚህ ዕድሜዬ ጭቃ ላይ ትጥይኛለሽ? እኔ ምን አደረግሁሽ?»

ነገርኳቸው። ድኩላዋን፣ ገመዱን፣ ማብሪያውን፣ የተቆለፈውን በር፣ ሁሉንም እያቀላቀልኩ። እያለቀስኩ ስለነበር ምን ያህሉ እንደገባቸው እንጃ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ሽቦውንም አዩ። አላመኑኝም። ሽቦው ላይ ጤዛ አለ፣ አንዲት ወፍም አርፋበታለች።

«መልካም» አሉ ተነስተው ቀሚሳቸውን እያራገፉ። «መብራቱ እስኪመጣ እዚሁ እቀመጣለሁ። ውሸትሽን ከሆነ ግን ይሄ ዱላ ጀርባሽ ላይ ነው የሚሰበረው።»

ከአጥሩ ራቅ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጬ የቀሚሳቸውን ጫፍ በሁለት እጄ ያዝኩ። ተነስተው ቢሄዱብኝ ብዬ ነው። ላማቸው ራሷ መንገዷን ይዛ ሄደች። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሁለት ጊዜ «ኧረ ልሂድ፣ ሥራ አለብኝ» ብለው ተነሱ፤ ሁለት ጊዜም አለቅም አልኩ። በሦስተኛው «እንደ መዥገር ያዝሽኝ እኮ» ብለው ተቀመጡ።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ከታች ካሉት ቤቶች «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ሰማን። በራፋችን ላይ አምፖሉ በራ።

ሽቦው ምንም አላለም። እንደነበረ ነው። አኮ ወደ እኔ ዞረው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ ሳላጭደው ያደገው ሣር ሽቦውን ከነካበት ቦታ «ጭስስ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጭን ጭስ ወጣ። የሣሩ ጫፍ ጠቆረ፣ ተጠቀለለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። የተቃጠለ እርጥብ ሣር ሽታ መጣብን።

አኮ ሽቦውን የጨበጡበትን መዳፍ ገልብጠው አዩት። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ያንን እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ደበቁት። እኔ የያዝኩትን የቀሚስ ጫፍ አልለቀቅኩም፣ እሳቸውም ልቀቂ አላሉኝም።

ጋሼ እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። አኮ ጭቃ እንደለበሱ ከበሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ና» አሉት። «ቀድመህ አንተ ንካው፣ እኔ እከተልሃለሁ።»

ጋሼ እኔን አየኝ። አቀረቀርኩ። መክፈቻውን ከኪሱ አወጣ። ገባ፣ አጠፋ፣ ፒንሳ ይዞ ወጥቶ ገመዱን ከመስኮቱ ሥር ቆረጠው። ከዚያ መጥቶ አኮ እግር ሥር ተንበረከከና ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«ጉልበቴን ተወው» አሉት። «እኔ ብሞት ኖሮ ከድኩላዋ አጠገብ ነበር የምትቀብረኝ?»

ጋሼ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አኮ፣ «ስለ ድኩላዋ ምንም አልሰማሁም» አሉ። «ሽቦውን ግን ዛሬውኑ ጠቅልልልኝ። ስሄድ ማየት አልፈልግም።»

ጋሼ ሽቦውን እየጠቀለለ አጠገቤ ሲደርስ፣ «ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ነግሬህ ነበር ልል አሰብኩ። ነግሬው ግን አላውቅም፤ ጀምሬ ነው የተውኩት።

አኮ ወገባቸውን ስላመማቸው ደግፌ ቤታቸው አደረስኳቸው።  ጋሼ ወደ ሰበታ ይልከኝ ይሆን፣ ሰው ይሰማ ይሆን፣ አኮ ተቀይመውኝ ይሆን እያልኩ እሄዳለሁ። ደጃፋቸው ስንደርስ ክንዴን አልለቀቁትም። ሌላኛው እጃቸው አሁንም ነጠላቸው ውስጥ ነው።

«ነገም ላሜን ይዤ በዚያው ነው የማልፈው» አሉኝ። «ከሩቅ ስታዪኝ ጩሂልኝ። ደህና ቢሆንም ጩሂ። ከእንግዲህ የምፈራው ሽቦውን አይደለም፣ አንቺ ዝም ስትዪ ነው።»